ቲቸር የሺና ሦስተኛው ደረጃ

ባለፈው ማክሰኞ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስቶክሆልም ዳርቻ አልቢ ያለው ቤቴ ተንኳኳ። ስከፍት ጋሽ መኰንን ከሁለት ሴቶች ጋር ቆመዋል። ጋሽ መኰንን የዕድራችን ሰብሳቢ ናቸው፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ሐበሻ በዚያ ሰዓት በር የሚያንኳኳው ለመርዶ ብቻ ስለሆነ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ሰው መሞቱን አወቅኩ።

"እስቲ ቁጭ በይ ልጄ" አሉኝ።

"አልቀመጥም። ማነው?"

"የሺ አረፈች።"

"መቼ?"

እርስ በርስ ተያዩ። "አንቺ ኦፕራሲዮን ላይ ስለነበርሽ..." ብለው ጀመሩ።

"ጋሽ መኰንን፣ መቼ?"

"ሦስት ሳምንት አለፋት። የዚህ አገር ቀብር መቼም ሳምንታት ይፈጃል፣ ባለፈው ዓርብ ተፈጸመ። በወግ በማዕረግ ነው የሸኘናት፣ ምንም የጎደለባት ነገር የለም።"

ዓርብ! ዓርብ ዕለት እኔ እዚሁ ሶፋ ላይ ተጋድሜ ቴሌቪዥን አያለሁ። ሐኪሙ በየቀኑ ተራመጂ፣ ውጪ፣ አየር ውሰጂ እያለ ይጨቀጭቀኛል። እስከ መቃብሯ መራመድ ያቅተኝ ነበር? ሐሞት ከረጢቴን አወጡልኝ እንጂ ንዴቴን አላወጡልኝም፤ ሳሎኔ መሀል ቆሜ ጮህኩባቸው። ሴቶቹ ሐዘን መስሏቸው አቀፉኝ። ጋሽ መኰንን ደግሞ ያችን የታወቀች ቃላቸውን አመጡ። "ለአንቺው ብለን ነው።"

ሊወጡ ሲሉ ጫማቸውን እያጠለቁ ዘወር አሉና ሌላ ጨመሩ። "አደራ፣ አልማዝ እንዳትሰማ። ለዳግም ትንሣኤ ልጇን ትድራለች። ሠርጉ ይለፍላትና አዲስ አበባ ያሉት ሽማግሌዎች በወጉ ይነግሯታል።" አልማዝ የቲቸር የሺ ታናሽ እህት ናቸው፤ ከሳቸው ሌላ እህትም ወንድምም የላቸውም።

ዝም አልኩ። ጋሽ መኰንን ዝምታዬን እሺታ አድርገው ወሰዱት፤ እሳቸው ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት። እኔ ግን ለቲቸር የሺ የገባሁላቸው አንድ ቃል ነበረኝ። ይኸው ሁለት ቀን ሙሉ ስልኩን አነሳለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ።

ቲቸር የሺን ያወቅኳቸው ሮግስቬድ የሚባል የስቶክሆልም ሰፈር ነው፣ በሀገራችን ሚሊኒየሙ ሊገባ አራት ዓመት ግድም ሲቀረው። አዲስ አበባ ሃያ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምረዋል። ስቶክሆልም ውስጥ ደግሞ ሶደርማልም ላይ አንድ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሳህን ያጥቡ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚኖሩበት ሕንፃ ምድር ቤት ያለችውን የስብሰባ ክፍል አስፈቅደው ሐበሻውን እንግሊዝኛ ያስተምሩ ነበር፣ በነፃ። ስዊድን አገር እንግሊዝኛ ምን ያደርጋል የሚል ካለ፣ እዚህ ነርስ ልሁን ስትል መጀመሪያ የሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛሽን አምጪ ነው የሚሉሽ። እኔም ለዚያ ነው የሄድኩት።

ቁመታቸው አጭር ነው፤ የወንድ ካፖርት ይለብሳሉ። የሳህን ሳሙና የሰነጠቀውን እጃቸውን ክፍል ከመግባታቸው በፊት በቫዝሊን ያሻሉ። ከወጥ ቤቱ ያመጧት ትልቅ የእንጨት ማንኪያ ነበረች፣ እሷን ይዘው ነው የሚያስተምሩት። አንዱ ጥያቄ ሲጠየቅ "እስቲ እናያለን" ወይም "እንግዲህ" ብሎ የተንተባተበ እንደሆነ ጠረጴዛውን በማንኪያዋ ዷ! ያደርጉታል። "ቁርጡን!" ይላሉ። "ቁርጡን ተናገር!" እኛ እንስቃለን፤ እሳቸው ግን አይስቁም።

አንድ ቅዳሜ ሰሌዳው ላይ ሦስት ደረጃ ሣሉ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የማይሆን ነገርን የሚናገሩት በሦስት ደረጃ ነው አሉን። በመጀመሪያው ደረጃ "የሚሆን አይመስለኝም" ይሉሃል፤ በሩ ገርበብ ብሏል፣ እጅህን ልታስገባ ትችላለህ። በሁለተኛው "አይቻልም" ይሉሃል፤ በሩ ተዘግቷል። "ግን የተዘጋ በር ይንኳኳል" አሉ። "አይቻልም የተባለ ሐበሻ ነገ ተመልሶ ሲጠይቅ አላያችሁም?" ሦስተኛው ደረጃ ላይ በሩ በግንብ ተደፍኗል። እዚያ ላይ እንግሊዞቹ ክርክሩን ይተዉና መቀለድ ይጀምራሉ። አሳማ ክንፍ አውጥቶ ሲበር ይሆንልሃል ይሉታል። ሲኦል በረዶ ሲሠራ ይሉታል። ሲኦል የገባች የበረዶ ድቡልቡል ያላት ዕድል ነው ያለህ ይሉታል። በሚሊዮን ዓመትም አይሆንም ይሉታል።

ዳንኤል የሚባል ባቡር ጣቢያ በረዶ የሚጠርግ ልጅ አብሮን ይማር ነበር። "ቲቸር" አለ እጁን አውጥቶ፣ "ሲኦልማ በረዶ ከሠራ ቆየ። ዛሬ ጠዋት ሮግስቬድ ጣቢያ ከዜሮ በታች አሥራ ስምንት ነበር። እዚህ አገር ሁሉም ነገር ይቻላል ማለት ነዋ!"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ያን ቀን እሳቸውም ሳቁ፣ እንባቸው እስኪወርድ። ከዚያ ማንኪያዋን አነሱና "አሁን ደግሞ የኛን አምጡ" አሉ።

አወረድነው። ሞቼ ነው ቆሜ! ሰማይ ዝቅ ምድር ከፍ ቢል! ወይ ፍንክች! ሲያምርህ ይቅር! በሕልምህ! እንዴት ተደርጎ! ሰሌዳው ሞላ። የእንግሊዞቹን በለጥናቸው ብለን ደስ አለን። ቲቸር የሺ ሰሌዳውን ቆመው ሲያዩ ቆዩ።

"ተመልከቱት" አሉ። "ይሄ ሁሉ የጠብ ቃል ነው። ስንጣላ አፋችን እንዴት ቁርጥ ያለ ነው! ለምንወደው ሰው ሲሆን ግን አንዷንም አናወጣትም። እግዚአብሔር ያውቃል፣ እናያለን፣ አይዞሽ ይሆናል እያልን እናጉላላዋለን። ስዊድኖቹ ቢያንስ 'ቲቬር' ብለው፣ እናዝናለን ብለው፣ ደብዳቤ ይጽፉልሻል። ደብዳቤውን ታነቢያለሽ፣ ታለቅሺያለሽ፣ ሌላ መንገድ ትፈልጊያለሽ። የኛ ሰው ግን ለቅሶሽን ይሰርቅሻል።"

ለቅሶ መስረቅ የሚለው ያን ቀን አልገባኝም ነበር። ደብተሬ ላይ እንኳ አልጻፍኩትም።

ባለቤታቸው ጋሽ ታደሰ አዲስ አበባ ነበሩ። ቲቸር የሺ ወደ ስዊድን እንዲመጡላቸው ፈቃድ አመልክተው ሦስት ዓመት ጠበቁ። በዚያ ክረምት መጨረሻ ላይ ፈቃዱ መጣ። ደብዳቤውን ክፍል ድረስ አምጥተው ሁለት ጊዜ አነበቡልን። በዚያው ሰሞን የትልቁን የስዊድንኛ ፈተና ሊፈተኑ እየተዘጋጁ ነበር። እሱን ካለፉ ሳህን አጠባው ይቀርና ተመልሰው አስተማሪ ይሆናሉ።

ጋሽ ታደሰ ፈቃዱ ከመጣ በሁለተኛው ሳምንት ሞቱ። ደም ግፊት። ሻይ እየጠጡ ወደቁ።

እትዬ አልማዝ የደወሉት ለእህታቸው አይደለም፣ ለጋሽ መኰንን ነው። "ፈተናዋን እስክትጨርስ ደብቁልኝ" አሏቸው። ጋሽ መኰንን ደግሞ እኔን ጠሩ። ያኔ ሮግስቬድ ከቲቸር በላይ ያለው ፎቅ ላይ ነበር የምኖረው። "አንቺ ቅርቧ ነሽ። ፊትሽ እንዳይነበብ፣ አደራ" አሉኝ። ያኔ ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ሕፃን አይደለሁም፤ ማንም ጠመንጃ አልደገነብኝም። እሺ አልኩ። ይሄን ስጽፍ ራሴን በጥፊ ባጮለው ደስ ይለኛል።

ቲቸር ስልክ ሲደውሉ እትዬ አልማዝ "ዘመድ ሊሰናበት ገጠር ሄዷል" ይሏቸዋል። ሲደግሙ "ያለበት ቦታ ስልክ የለም" ይሏቸዋል። እኔ ደግሞ ጣሪያቸው ላይ ቁጭ ብዬ ያንኑ ቃል አጠናክራለሁ። "ቲቸር፣ ዘመድ ማሰናበት ሲጀምር መች ይለቃል፣ ሳያበሉ ሳያጠጡ አይለቋቸውም" እላለሁ፣ ምላሴ ይቆረጥና! ፈተናው ደረሰ። ተፈተኑ። ጋሽ መኰንን "ውጤቱ ይምጣ" አሉ። ውጤቱ መጣ፣ አለፉ። "በደስታዋ ላይ እንዴት መርዶ እናመጣለን፣ ትንሽ ትጣጣመው" አሉ። አያችሁ፣ ውሸቱ አንዴ ከተጀመረ በኋላ የእውነቱ ቀን አይደርስም።

በዚህ መሀል ቲቸር ቤቱን ያሰናዳሉ። እዚህ አገር የሕንፃው መግቢያ ላይ የነዋሪዎቹ ስም የተለጠፈበት ሰሌዳ አለ፤ በየበሩም ላይ ስም አለ። ስምሽ ከሌለ ፖስታ ቤቱም አያውቅሽም። ቲቸር የባላቸውን ስም ለማስጨመር ወደ ቤት አከራዩ ቢሮ ሲሄዱ "አብረሽኝ ነይ" አሉኝና ሄድኩ። ልጅቷ ባልና ሚስት ለምን የአባት ስማቸው እንደሚለያይ ግራ ገብቷታል። ቲቸር እየሳቁ አስረዷት። "የኔ አባት አበራ ነው፣ የሱ አባት ወልዴ ነው፤ ብንጋባም አባታችን አልተቀየረም።" ቅጹን ሲሞሉ ቦርሳቸውን ይዤላቸው ቆሜያለሁ። የሞተ ሰው ስም ሲጽፉ አይቻለሁ፣ ፊደል በፊደል።

በማግስቱ የሕንፃው ሠራተኛ ነጫጭ ፊደሎቹን ደረደራቸው። ታደሰ ወልዴ። ቲቸር ከሰሌዳው አጠገብ ቆመው "አንሺኝ" አሉኝ። አነሳኋቸው። ፎቶውን አሳጥበው፣ ከኋላው "በርህ ይጠብቅሃል" ብለው ጽፈው በፖስታ ላኩላቸው። ፖስታ ሳጥኑ ድረስ አብሬያቸው ሄጃለሁ።

ከዚያ ያቺ ቀን መጣች። ሕንፃችን ምድር ቤት ልብስ ማጠቢያ ክፍል አለ፤ ተራ ይዘሽ ነው የምታጥቢው። ቲቸር የጋሽ ታደሰን አዲስ አንሶላ እያጠቡ ነበር፣ ከፓኬቱ ወጥቶ ሳይታጠብ አይነጠፍም ብለው። አንሶላውን በአንድ ጫፍ እኔ፣ በአንድ ጫፍ እሳቸው ይዘን እያጠፍን ሳለ ቀጥ ብለው አዩኝ።

"ሰናይት፣ ታደሰ ይመጣል?"

"ይመጣሉ እንጂ ቲቸር፣ ምን ማለትዎ ነው?"

"እንደሱ አይደለም። በደረጃ ንገሪኝ። ስንተኛው ላይ ነው ያለነው?"

የማጠቢያው ማሽን ይሽከረከራል። እጄ ውስጥ ያለው አንሶላ ገና ሙቅ ነው። ያን ጊዜ አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። "የመጀመሪያው ላይ እንኳ አልደረስንም" አልኩ። "ይመጣሉ።"

"ጥሩ" አሉና የያዙትን ጫፍ አምጥተው ከኔ ጫፍ ጋር ገጠሙት። ሌላ አልጠየቁኝም።

መርዶው የተነገራቸው ጋሽ ታደሰ ከሞቱ ከሁለት ወር ከአሥር ቀን በኋላ ነው። ጋሽ መኰንን አሥር ሰው ይዘው በንጋት ገቡ። እኔም አለሁበት፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ እንደ ንጹሕ ሰው። ቲቸር ሰሙ። ጮኹ፣ ደረታቸውን ደቁ፣ ሴቶቹ ያዟቸው። ያለቅሳሉ ብለን ስንጠብቅ ግን ድንገት ቆሙና አንድ በአንድ ይዞሩን ጀመር። "አንተ መቼ ነው የሰማኸው? አንቺስ?" አንዱ አቀረቀረ፣ ሌላዋ "ይቅር በሉን" አለች። እኔ ጋ ሲደርሱ ዓይኔን አልሰበርኩም።

"በማግስቱ" አልኩ።

"አንሶላውን ስታጥፊ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ስሙን ሳስጽፍ?"

"አውቅ ነበር።"

ጋሽ መኰንን መሀል ገቡ። "የሺ፣ ለአንቺው ብለን ነው። ፈተናሽንም አለፍሽ፣ እግዚአብሔር ይመስገን!"

አቤት ያኔ የተቆጡት ቁጣ! እንደዚያ የተቆጣ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። "ፈተና?" አሉ። "ማን ፈተና ስጡኝ አላችሁ? ባሌ አፈር ውስጥ ሆኖ እኔ ደብዳቤ ስጽፍለት ከረምኩ። ሁለት ወር የሞተ ሰው ጫማ ቁጥር ስጠይቅ ከረምኩ! ለኔ ብላችሁ አይደለም። ብትነግሩኝ አጠገቤ ቁጭ ብላችሁ ማልቀስ ነበረባችሁ። እሱን ነው የሸሻችሁት። የኔን ለቅሶ ለብቻችሁ በልታችሁ ጨረሳችሁት፤ አሁን ለኔ የቀረኝ ምንድነው? ውጡልኝ!"

ልቅሶ ቤት ሰው ሲባረር አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ተባረርን። ደረጃው ላይ ሴቶቹ "ሐዘኑ ነው፣ አዕምሮዋን ነክቷት ነው" ይላሉ። አልነካቸውም። ከሁላችንም ጤነኛ እሳቸው ነበሩ። ስንወርድ መግቢያው ሰሌዳ ላይ ታደሰ ወልዴ የሚለው በነጫጭ ፊደሎቹ ያየናል።

የቅዳሜው ትምህርት በዚያው ቀረ። ቲቸር የሺ አስተማሪ ሆኑ፣ ለስዊድን ልጆች እንግሊዝኛ። ጋሽ መኰንን እስከ ዛሬ ድረስ "ያኔ ባንደብቃት ይሄኔ ሳህን አጣቢ ነበረች" ይላሉ። ምን ትላቸዋለህ! እውነትም ሊሆን ይችላል፣ እኔ አላውቅም። የማውቀው ሰውየው የራሱን ሚስት መርዶ ማንም እንዲደብቅበት እንደማይፈቅድ ነው። እኔ ወደ አልቢ ቤት ቀየርኩ። አምስት ዓመት አልተነጋገርንም። ሰላም ስላቸው በአንገታቸው ብቻ እሺ ብለው ያልፋሉ።

ያለፈው ዓመት በልግ አረንጓዴው መስመር ባቡር ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳለሁ አንድ ሰው አጠገቤ ተቀመጠ። ያው የወንድ ካፖርት። ከስተዋል። ልነሳላቸው ስል ክንዴን ያዙኝ።

"ነርስ ሆንሽ?"

"ሆንኩ ቲቸር።"

"ጥሩ። በሽተኛ ይጠይቅሻል?"

"ይጠይቀኛል።"

"ምን ትይዋለሽ?"

"ሐኪሙ ያለውን እነግረዋለሁ። ቁርጡን" አልኩ።

ሁለት ጣቢያ አለፍን። "ያኔ ማጠቢያ ቤት ጠርጥሬ ነበር" አሉኝ። "ሌሎቹን ያልጠየቅኩት የሚመልሱልኝን ስለማውቅ ነው። አንቺን የጠየቅኩሽ ትነግሪኛለሽ ብዬ ነው።"

ሰው መሀል፣ ባቡር ውስጥ፣ አለቀስኩ። እንዳላለቅስ አላሉኝም። ስጨርስ "እኔ ያመኛል" አሉ። "ስሞት ለአልማዝ አንቺ ንገሪያት። ሽማግሌ አያስፈልግም። በአንድ ቃል። ትነግሪያታለሽ?"

"እነግራቸዋለሁ።"

"በስንተኛው ደረጃ?"

"በቁርጡ ቲቸር።"

ማንኪያዋ ስለሌለች የባቡሩን ወንበር በጣታቸው ዷ አደረጉና በሚቀጥለው ጣቢያ ወረዱ። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ጠዋት ለጋሽ መኰንን ደወልኩላቸውና "ለእትዬ አልማዝ ልነግራቸው ነው" አልኩ። ጮኹብኝ። "ሠርጉን ልታፈርሺ ነው? አእምሮ የለሽም?" አሉኝ። "ሠርጉን ማዘግየትም፣ አልቅሰው መዳርም የሳቸው ነው እንጂ የእርስዎ አይደለም" አልኩና ዘጋሁት። በሕይወቴ ሽማግሌ ላይ ስልክ ስዘጋ የመጀመሪያዬ ነው። ሱቅ ወርጄ ሁለት የስልክ ካርድ ገዛሁ፣ አንዱን ፍቄ ደወልኩ።

እትዬ አልማዝ ራሳቸው አነሱ። ከኋላቸው ሴቶች ይሳሳቃሉ፣ የሠርጉን ነገር እያሰናዱ ይመስለኛል።

"ሰናይት ነኝ፣ ከስቶክሆልም። እትዬ አልማዝ፣ እህትዎ ሞተዋል።"

ሴቶቹ አሁንም ይስቃሉ።

"እንዴት... ኧረ አይደለም" አሉ። "የሺ እኮ ዘመድ ልትጠይቅ ሌላ ከተማ ሄዳለች። ስልክ የሌለበት ቦታ ነው። ትናንት ጋሽ መኰንን..." እዚህ ላይ ድምፃቸው ተቆረጠ። ያን ቃል የት እንደሚያውቁት ገባቸው። የራሳቸው ቃል ነው፤ ከስድስት ዓመት በፊት ለእህታቸው የሰጡት።

"ስንት ቀን ሆናት?" አሉኝ ቆይተው፣ በሹክሹክታ።

"ሃያ አራት።"

"ሃያ አራት ቀን... እኔ ዘፈን ሳስመርጥ! ልጄ፣ ምናልባት ተሳስታችሁ ይሆናል። አንዳንዴ ሆስፒታል ስም ይለዋወጣል ይባላል። ምናልባት..."

ምላሴ ላይ "እስቲ ላጣራ" የሚል ቃል መጥቶ ቆመ። እናያለን፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ሁሉም ተሰልፈው መጡ።

"አይደለም እትዬ አልማዝ" አልኩ። "ምናልባት የለውም። ሞተዋል። ተቀብረዋል። አይመለሱም።"

ያን ጊዜ ጮኹ። ሳቁ ቆመ፣ የሚሮጥ እግር ሰማሁ፣ ቤቱ በአንድ አፍ ተነሳ። ስልኩ ወለሉ ላይ ወድቆ መሰለኝ፣ ግን አልተዘጋም። እኔም አልዘጋሁትም። አልቢ፣ ወጥ ቤቴ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አብሬያቸው አለቀስኩ። ካርዱ ሲያልቅ ሁለተኛውን ፍቄ መልሼ ደወልኩ።